ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ

ያ ሁዳዴ ሁላችንም የደከምንበት ሁዳዴ ነበር። መንገዱ በጦርነቱ ምክንያት ከተዘጋ ወራት አልፈውታል፤ ከወልድያም ሆነ በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ የሚመጣ መኪና የለም። ጨው ተወዷል፣ ሳሙና ጠፍቷል፣ ጠመኔ እንኳ እየተሰበረ በቁራጭ ነበር የሚታደለን። እኔ ከሰዓት በኋላ አራተኛ ክፍልን ሒሳብ አስተምራለሁ፤ አመሻሽ ላይ መሠረተ ትምህርት አለብኝ፤ እሑድ የቀበሌ ስብሰባ አይቀርም። ገና ሃያ ዓመት ያለፈኝ ልጅ ነበርኩ፤ ሥራዬንም እወደው ነበር። ቢሆንም ማታ ጫማዬን ሳወልቅ እንደ አሮጊት አቃስት ነበር።

የተከራየኋት ክፍል ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣው አቀበት ከሚጀምርበት አጠገብ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ነበረች። የቤቱን እመቤት እትዬ እላታለሁ። በዕድሜ ብትበልጠኝም አንቱታውን የከለከለችኝ ራሷ ናት፤ “አንቱ ስትዪኝ የሞትኩ ይመስለኛል” ብላኝ። ባሏ ወደ ሚሊሺያ ተወስዷል። ከሦስት ልጆቿና ከባሏ እናት ጋር ትኖራለች። አሮጊቷን እኔ እማማ፣ እሷ ደግሞ እናቴ እንላቸዋለን።

እትዬ የመጨረሻ ልጇን ስትወልድ ደሟ አልቆም ብሎ በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያው ወስደዋት ነበር። ልጁ አልተረፈም፤ እሷ ለጥቂት ተረፈች። ከጤና ጣቢያው ስትወጣ ጤና ረዳቱ ያላትን ቃል በቃል ነግራኛለች፤ “ይህኛው አስጠንቅቆሻል። የሚቀጥለው አያስጠነቅቅሽም።” ከዚያ ወዲህ በየወሩ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ትወስድ ነበር። ለአማቷ አልነገረችም፤ ለባሏ አንድ ጊዜ ነግራው “እንዳልሽ” ብሏታል። መንገዱ ሲዘጋ ግን ክኒኑም ቀረ። ጤና ረዳቱ ያለው ጥቂት ስለሆነ ለወር የሚሆን ለማንም እንደማይሰጥ ነገራት። እሷም ባሏ የለም ብላ ብዙ አልተጨነቀችም።

እሑድ አመሻሽ ላይ ባሏ የሁለት ቀን ፈቃድ አግኝቶ መጣ። ማክሰኞ ሲነጋ ተመልሶ ሄደ። እሱ ከግቢው ከወጣ ብዙም ሳይቆይ በሬ ተንኳኳ።

“መምህርት፣ አለሽ?”

“ግቢ እትዬ።”

“አልገባም። ነጠላሽን ልበሽና ነይ።”

“ወዴት?”

“ከሐኪሙ ዘንድ። ብቻዬን ከሄድኩ ምላሴ ይተሳሰራል።”

ቁልቁለቱን ስንወርድ ወደ እኔ ሳትዞር ነገረችኝ። “ነገ ይሙት ይኑር የማይታወቅ ሰው ቤቱ መጥቶ፣ ወዲያ ዞር በል ይባላል? ጾሙንም አፈረስኩ፣ ራሴንም አሳልፌ ሰጠሁ።”

“ክኒኑ ማለቁን አልነገርሽውም?”

“መች ጠየቀኝ። ጫማውን ሳያወልቅ ነው እንቅልፍ የወሰደው። ሲነቃም የሚያወራው ስለ ሞቱት ነበር።”

ጤና ረዳቱ የሌላ አገር ልጅ ነው፤ ከእኔ ብዙ አይበልጥም። ከግንባር የመጡ ቁስለኞች ሲያክም ስላደረ ዓይኑ ቀልቷል። ሰዎች “ዶክተር” ሲሉት ማረሙን ትቶታል። እትዬ መሬት መሬቱን ብቻ ስታይ እኔ ጀመርኩለት፤ እሱም መሀል ላይ አቋርጦኝ እሷን ጠየቃት።

“መቼ ነው?”

“እሑድ ማታ ነው የመጣው። ዛሬ ሄደ።”

“ጥሩ ነው። ሦስት ቀን ካለፈው ዋጋ አልነበረውም።” ከመሳቢያው አንድ የክኒን ካርድ አወጣ። “ያው ስትወስጂው የነበረው ነው። አሁን ግን በአንድ ጊዜ በዛ ተደርጎ ነው የሚወሰደው። ሁለት ትወስጃለሽ፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ሁለት።”

“የመጣውን ሊያወጣ ነው?” አለችው እትዬ ቀና ብላ። “እንደሱ ከሆነ እኔ አልነካውም።”

“ገና ምንም አልመጣም። እንዳይመጣ መንገዱን መዝጋት ነው።”

“መንገድ መዝጋትማ ለምደነው የለ!” አለች። ሦስታችንም ሳቅን። ጤና ረዳቱ ሳቁን ቶሎ ጨረሰና ቀጠለ።

“ያቅለሸልሽሻል። ወልድያ በመኪና ሄደሽ ታውቂያለሽ?”

“በእግሬ እንጂ በመኪና?”

“ሽቅብና ቁልቁል መኪና የሚያዞረው ሰው እንደሚሆነው ያደርግሻል።”

“መኪናውን ሳላየው!”

“መኪናውን ሳታዪው። ስለዚህ በባዶ ሆድ አትውሰጂው። እህል ቅመሺ፤ ከዚያ በጎንሽ ተኚ፤ ከበድ ያለ ነገር አትብዪ፣ ደረቅ ያለ ነገር ጥቂት ጥቂት። ከዋጥሽው ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሰሽ እንዳልዋጥሽው ቁጠሪው፤ ተመልሰሽ ነይ። ጡትሽንም ያምሽ ይሆናል፣ ራስሽንም ይከብድሻል። በመሀል ትንሽ ደም ጠብ ቢል የወር አበባ ነው ብለሽ እንዳትደሰቺ። እሱ ሊቀድምም ሊዘገይም ይችላል።”

“ታዲያ ይዘጋል ወይ? እርግጥ ነው?”

“እርግጥ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ይዘጋል” አላትና ክኒኖቹን ከካርዱ በመቀስ ቆርጦ በወረቀት ጠቀለለላት።

ስንመለስ የመጀመሪያውን እቤት እንደገባች እንድትውጠው ነገርኳት። ቆም አለች።

“እህል ሳልቀምስ? አትውሰጂው ሲለኝ አልሰማሽም?”

“ትቀምሻለሻ።”

“በሁዳዴ? በሦስት ሰዓት? እማማ እያዩኝ?”

“የታመመ ሰው አይጾምም፣ እትዬ።”

“የት አመመኝ? አሞኛል ብዬ እግዜርን ልዋሸው ነው? ዘጠኝ ሰዓት ቅዳሴ ሲወጣ እበላለሁ። የመጀመሪያውን ያኔ እወስደዋለሁ። ሁለተኛውም የሚውለው እህል በሚበላበት ሰዓት ነው፤ ምን አስጨነቀሽ?”

ይህ አባባሏ ግራ አጋባኝ። ሰዓት መደመር የማስተምረው ነገር ስለሆነ በመንገድ ሁሉ በልቤ ሳሰላው ነበር። የመጀመሪያው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሆነ ሁለተኛው ከሌሊቱ ዘጠኝ ላይ ያርፋል፤ እኩለ ሌሊት ካለፈ ደግሞ ጾም ገብቷል። በሁዳዴ እህል የሚቀመስበት ጊዜ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ያለው ብቻ ስለሆነ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት የሚራራቁ ሁለት ጉርሻዎች በምንም ስሌት በውስጡ አይገቡም። ይህን ላስረዳት ስል ለመምህራን ስብሰባ የሚጠራን የትምህርት ቤቱ ደወል ተሰማ። “ስለ ሁለተኛው ማታ ስመጣ እንነጋገራለን” ብያት ሮጥኩ።

ማታ ከመሠረተ ትምህርት ስመለስ ገና ከግቢው በር ማስመለሷ ተሰማኝ። እትዬ አመድ በተነሰነሰበት ሳፋ ላይ አጎንብሳለች። እማማ በራፉ ላይ ተቀምጠው ሸማቸውን ወደ አፍንጫቸው ስበው ያይዋታል።

“መምህርት፣ መጣሽ? ነይ እይልኝ እስቲ” አሉኝ። “ልጄ ከሄደ ገና ጀንበሯ አንድ ጊዜ መጥለቋ ነው፤ ይቺ ግን ሆዷ ተገለበጠ። ሚሊሺያ አደረጉት ሲሉኝ በአንድ ተኩስ የሚመታ መድፈኛ መሆኑን ማን ያውቃል!”

“የበላሁት ነው እናቴ፣ ሽሮው ነው” አለች እትዬ ከሳፋው ሳትነሣ።

“ሽሮውን እኔም በልቻለሁ። እኔን ምን አላደረገኝ?”

አሮጊቷ ውሃ ሊቀዱ ወደ ጓዳ ሲገቡ ጠጋ ብዬ የመጀመሪያውን መቼ እንደወሰደችው ጠየቅኳት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እህል ቀምሳ፤ ትንሽ አቅለሸለሻት እንጂ አላስመለሳትም። “ሁለተኛው ነው የገደለኝ” አለች።

“የቱ ሁለተኛው? ሌሊት አይደለም እንዴ?”

“ምን ሌሊት? ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ብሎኝ የለ? ጀንበር ጠልቃ አሥራ ሁለት እንዳለፈ ዋጥኩት። ይኸው፣ አንድ ሰዓት ሳይሆን ሁለቱንም መለስኳቸው። ሲወጡ አይቻቸዋለሁ።”

ተሳስተሻል ልላት ስል ነገሩ ገባኝ። ልክ ነበረች። ይህ የቋንቋችን ነገር ነው። “ሰዓት” የምንለው ቃል ሁለት ሥራ ደርቦ ይሠራል፤ ርዝመትንም ይናገራል፣ የቀኑን ቦታም ይናገራል። “ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ና” የተባለ ሰው ግማሽ ቀን ያህል ቆይቶ ሊመጣ ይችላል፤ ጀንበር ሲጠልቅም ሊመጣ ይችላል፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም። በክፍሌ ውስጥ “ባቡሩ በሁለት ሰዓት ተነሥቶ ከሦስት ሰዓት በኋላ ደረሰ” የሚል ጥያቄ ስሰጥ ግማሹ ተማሪ ደምሮ፣ ግማሹ ሳይደምር “ሦስት ሰዓት አለፍ ሲል” ብሎ ይጽፍልኝ ነበር። ጤና ረዳቱ ርዝመቱን ተናገረ። እኔ ሒሳብ ስለማስተምር ርዝመቱን ሰማሁ። እትዬ ደግሞ ቀኗን የምትለካው በጾም ሰዓትና በጀንበር ስለሆነ የሰማችው ጀንበሯን ነው። ሁለተኛውም እህል በሚበላበት ሰዓት ይውላል ያለችኝ ለዚህ ነበር። ጠዋት ስለ ክኒኑ የነበራት ጭንቀት ግማሹ የቀለለላትም በዚህ ነበር።

“አሁንስ?” አለችኝ።

“እንዳልዋጥሽው ነው። ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ወጥቷል።”

“የቀረ የለኝም።”

“ሲነጋ እሄዳለሁ።” ሰዓት እላፊው ደርሶ ስለነበር ሌላ የሚደረግ ነገር አልነበረም። እትዬ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ከድካሟ የተነሣ ፈርታ እንደሆነ እንኳ መለየት አልቻልኩም። “ሦስት ልጆች” አለች።

ንጋት ላይ ጤና ረዳቱን ያገኘሁት በራፉ ላይ ፊቱን ሲታጠብ ነው። ነገሩን ስነግረው በእጁ የያዘውን ውሃ መልሶ ጣሳው ውስጥ ለቀቀውና ሳቅም ብስጭትም ያልሆነ ድምፅ አሰማ። “ለስንቱ ሰው እንደዚህ እያልኩ ነው የነገርኩት” አለ። የአንቲባዮቲኩንም፣ የወባውንም፣ ሁሉንም “ከዚህ ያህል ሰዓት በኋላ” እያለ ነበር የሚሰጠው። ገብቶ የመጨረሻውን ካርድ አወጣ፤ ጥቂት ነበር የቀረው። “ሌላ ሴት ብትመጣ የምሰጣት እንዳያንሰኝ እየፈራሁ ነው” አለና ሁለት ቆረጠልኝ። “አሁኑኑ ትውሰድ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነበር የሚገባት፤ ከዚያ ብዙ አላለፈም። ግን መጀመሪያ ትብላ። ስትበላም አጠገቧ ሁኚ።”

ግቢው በር ላይ እማማ ቆመዋል።

“በነጠላሽ ጫፍ የቋጠርሽው ምንድን ነው?”

“የሆድ መድኃኒት ነው እማማ።”

“የሆድ መሆኑንስ አውቃለሁ” አሉ። ከበሩ ግን አልተነሡልኝም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ። “ያን ጊዜ በቃሬዛ ሲያወጧት የተሸከሙት ወንዶቹ ናቸው። ደሟን ከመደቡ ላይ ያጠብኩት ግን እኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ነው ያጠብኩት። የዕድሜ ነገር ሆኖ ዓይኔ ይደክማል እንጂ ዕውር አይደለሁም፣ ልጄ። እህል ይፈልጋል መድኃኒቱ?”

“አዎ እማማ።”

“ጾም ነው ብላ እንቢ ትልሻለች። ነይ ተከተዪኝ።”

በሶ በውሃና በጨው ጠጠር አድርገው አሹና በሳህን ይዘው ገቡ። እትዬ ሳህኑን አይታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

“እናቴ፣ ገና መንጋቱ እኮ ነው።”

“ብዪ።”

“ጾሙን ባለፈው ቀን አንድ ጊዜ አፍርሼዋለሁ። ደግሜ…”

“የፈረሰውን ልጄ ነው ያፈረሰው፤ በእሱ ላይ ተጽፏል። የዛሬውን ደግሞ እኔ እይዝልሻለሁ። አንቺ ብዪ፤ እኔ ዘጠኝ ሰዓቱን አልፌ እስከ አሥራ ሁለት እጾማለሁ። አንድ ሰው ጎደለ ተብሎ ከላይ አይቆጠርም።”

“አይችሉም እኮ!”

“ችዬ አሳይሻለሁ። ዋጪ።”

እትዬ በሶውን በጣቷ ጫፍ እያነሣች እንባዋ እየወረደ በላች። እኔ ክኒኖቹን በእጇ ላይ አደረግሁላት። ዋጠቻቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ብቻ ነበር።

ማቅለሽለሹ ሲመጣ ከፊቷ ላይ ይታያል፤ ከንፈሯ ይነጣል፣ ምራቋ ይበዛል፣ ግንባሯ ላይ ላብ ይወጣል። በጎኗ አስተኛናት። ሎሚ ቆርጬ በአፍንጫዋ አስያዝኳት። በረጅሙ እንድትተነፍስ እያልኩ ማስረዳት ስጀምር እማማ አቋረጡኝ።

“መምህርት፣ ትምህርቱን ለከሰዓት አቆዪው። አንቺ ደግሞ ስሚኝ” አሏት። “ከመለስሽው ሌላ በሶ ነው፤ ሌላ በሶ ከሆነ ደግሞ እኔ እስከ ነገ ማታ ነው የምጾመው። እዘኚልኝ።”

እትዬ ዓይኗን ሳትገልጥ ሳቀች። “አታስቁኝ፤ ይወጣብኛል።”

“እንግዲያው ላልቅስልሽ?”

“ዝም ይበሉ እናቴ፣ በማርያም!”

ዝም አላሉም። ስለ ልጃቸው ሠርግ አወሩ፤ ሙጃ ገበያ ላይ ስለጠፋ በግ አወሩ፤ በጉን የሰረቀውን ሰው ሳይሆን የበጉን ጠባይ ነበር የሚያሙት። ሁለት ጊዜ እትዬ ተነሥታ ወደ ሳፋው አጎነበሰች፤ ሁለቱንም ጊዜ ምራቅ ብቻ ተፍታ ተመልሳ ተኛች። ፀሐይዋ ከመደቡ ጠርዝ ደርሳ ወደ ወለሉ ስትወርድ ሁለት ሰዓት ሙሉ ማለፉን ነገርኳቸው። በዚህኛው “ሁለት ሰዓት” ማንም አልተሳሳተም። እትዬ እዚያው እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት። እኔም በትምህርት ቤት ያን ቀን የምሠራውን ረስቼ ግድግዳው ሥር ተቀምጬ ቀረሁ። እማማ ቃላቸውን ጠበቁ፤ ጀንበር እስክትጠልቅ ውሃ እንኳ በአፋቸው አልዞረም።

ከዚያ የመጣው ከዚያ ቀን የከፋ ድካም ነበር፤ መጨረሻው የማይታወቅ ስለሆነ። እትዬ ራሷን እንደከበዳት፣ ጡቷን እንዳመማት ሰነበተች። እንስራ ተሸክማ ስትመለስ መንገድ ላይ ትቀመጥ ነበር። ጥቂት ደም ታይቷት ወደ ክፍሌ ሮጣ መጣች፤ ጤና ረዳቱ እንዳትደሰቺበት ያለውን አስታወስኳት፤ ፊቷ ሲጨልም አይቼ ባላስታውሳት ይሻል ነበር አልኩ። የወር አበባዋ መምጫ ቀን ደርሶ አለፈ። እንደሚዘገይ ተነግሮናል፣ ብያት ነበር፤ ስሰማው ግን ድምፄ እኔንም አላሳመነኝም። ማቅለሽለሹ የመድኃኒቱ ይሁን የሌላ ነገር መለየት አይቻልም ነበር። ጠዋት ጠዋት አማቷ ሳይናገሩ ወደ ፊቷ ያያሉ፤ እሷ ሳትናገር ራሷን ትነቀንቃለች፤ ከዚያ ሁለቱም ወደ ሥራቸው። እኔም እያየኋቸው ወደ ሥራዬ።

የሆሳዕና ዕለት ሦስታችን አብረን ወደ ቤተ ማርያም ወረድን። ሕዝቡ ዘንባባውን ይዞ ወደ ታች፣ ወደ ዓለቱ ውስጥ ወደሚያስገባው መተላለፊያ ይተማል። እኔ ከእማማ ጋር ስጋፋ ቆይቼ ዞር ስል እትዬ የለችም። ሕዝቡ መሀል ጠፍታ ይሆናል ብዬ ተመልሼ ወጣሁ።

ከላይ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ፣ ውስጥ የማይገቡት ሴቶች በሚቆሙበት ቦታ ቆማለች። ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ታች ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ታያለች። አገራችን ላይ ሴት ዘንባባ ይዛ በሆሳዕና ከደጅ ከቀረች ለምን እንደቀረች የሚጠይቃት የለም።

“ነው?” አልኳት።

“ነው። ሌሊት ነው የመጣው፤ እስካረጋግጥ ብዬ ነው ያልነገርኳችሁ። የደንቡን ያህል” አለች። ፈገግ ለማለት ሞክራ አልሆነላትም፤ ተንሸራታ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ለሆሳዕና ደጅ መቅረትን እንዲህ አድርጎ የተመኘ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ከዚያ በኋላም አላየሁ።

እማማ ሲያጡን እያለከለኩ ወጥተው መጡ። የቆመችበትን ቦታ ሲያዩ ገባቸው። “እሰይ” አሉ ቀስ ብለው፤ ከዚያ ምንም የሚከለክላቸው ሳይኖር እሳቸውም ከጎኗ ቁጭ አሉ። ከታች የሚመጣውን የካህናቱን ዜማ አብረን አዳመጥን። ሁላችንም እዚያው ብንተኛ ደስ ይለን ነበር።

“ለሚሊሺያዎቹ ለፋሲካ ፈቃድ ሊሰጧቸው ነው ሲሉ ሰማሁ” አለች እትዬ መጨረሻ ላይ። መንገዱ አልተከፈተም፤ ክኒኑ አልመጣም።

“ይስጡት፤ ይምጣልኝ ልጄ” አሉ እማማ ዘንባባቸውን እያጠፉ። “መጥቶ ከእኔ ጋር ነው የሚተኛው። የእኔ መደብ ሰፊ ነው።”